ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ስንት የሊቲየም ባትሪ አለ? ስልኩን ብቻ ቆጥራችሁ እንዳታቆሙ። የመኪናው ቁልፍ ውስጥ አለ። እናታችን ጠዋት ጠዋት ስኳሯን የምትለካበት ማሽን ውስጥ አለ። የጆሮ ማዳመጫው፣ የኪስ ሬዲዮው፣ ፓወር ባንኩ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር፣ አንዳንዱም የወጥ ቤት ሚዛን ውስጥ አለ።

ሁሉም አንድ ቀን ይደክማል። ያኔ አሮጌውን በእጃችን ይዘን ሱቅ እንሄድና «እንደዚህ ዓይነት አለ?» እንላለን። ባለሱቁ የሚመስለውን ያወጣል፣ እንሞክረዋለን፣ ቦታው ላይ ልክ ይገባል፣ ከፍለን እንወጣለን። ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህች ሰዓት ነው፤ ዕቃ የሚበላሸውም፣ ብር የሚባክነውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነውና። ባትሪ ቦታው ላይ ልክ መግባቱ ለዕቃው ተስማማ ማለት አይደለም። መጠኑን ዓይን ይለካዋል። ዕቃውን የሚያኖሩትም የሚገድሉትም ግን ዓይን የማያያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቮልቱ፣ በአንድ ጊዜ መስጠት የሚችለው ኃይል፣ እና ቻርጅ የሚደረግ መሆን አለመሆኑ። እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ለመሆኑ ሊቲየም ለምን ተመረጠ? ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ ነው፤ ክብደቱ የውኃን ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኤሌክትሮኑንም ለመስጠት አያመነታም። ስለዚህ በጠባብ ቦታ ብዙ ኃይል ያስቀምጣል። ተራው ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሰጥ ብዙዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች 3 ወይም 3.7 ቮልት የሚሰጡት ከዚህ የተነሳ ነው። የስዊድኑ ኬሚስት ዮሐን አውጉስት አርፍቬድሶን ይህን ንጥረ ነገር በማዕድን ድንጋይ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ነበር። በእኛም አገር፣ በጉጂ ቀንጢቻ፣ ታንታለም የሚወጣበት ዓለት ሊቲየም የያዘ ማዕድን አለበት። ቻርጅ የሚደረገውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ሶኒ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። መንገዱን የጠረጉት ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉዲናፍና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ጉዲናፍ በዚያን ጊዜ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በዕድሜ ከእርሳቸው የገፋ የኖቤል ተሸላሚ እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የሊቲየም ባትሪ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ኃይሉ ሲያልቅ የሚጣል ነው፤ ሁለተኛው ቻርጅ የሚደረግ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። የሚጣለውን ቻርጀር ላይ መሰካት ሊያሳብጠው፣ ሊያፈነዳውም ይችላል።

ከሚጣለው ወገን አብልጠን የምናውቃት ሳንቲም የምታክለው ጠፍጣፋዋ ሲአር2032 ናት። ጀርባዋን ወደ ብርሃን አዙሩና አንብቡት። «ሲ» በውስጧ ሊቲየምና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ እንዳለ ትናገራለች። «አር» ክብ ናት ማለት ነው። 20 ስፋቷ ነው በሚሊሜትር። 32 ደግሞ ውፍረቷ፤ 3.2 ሚሊሜትር። ይህን የያዘ ሰው ሌሎቹን ማንም ሳይነግረው ያነባቸዋል። ሲአር2025 በስፋት እኩያዋ ሆና ውፍረቷ 2.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሲአር2016 ደግሞ 1.6 ሚሊሜትር። ሲአር1632 በውፍረት ከእርሷ ጋር እኩል ሆና ስፋቷ 16 ሚሊሜትር ነው።

ሁሉም 3 ቮልት ናቸው። ስለዚህ «2032 አልቋል፣ 2025 ይሆናል» ስንባል እንቀበላለን። ቮልቷ እውነት ነው፤ ግን 0.7 ሚሊሜትር ትሳሳለች፣ አቅሟም ያንሳል። የሚነካት ብረት በደንብ ስለማይጫናት የመኪናው ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል፣ ኪስ ገብቶ ሲነቀነቅ ይጠፋል። ክፍተቱን በአሉሚኒየም ፎይል የሚሞሉ አሉ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፎይሉ ከጠርዟ ካለፈ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ያገናኛል፣ ባትሪዋም ወዲያው ትግላለች። ቢቸግርም ሌላ ሱቅ መጠየቅ ይሻላል።

የሲአር2032 አቅም 220 ሚሊአምፒር ሰዓት ግድም ነው። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በጀሪካን ላስረዳ። ጀሪካኑ የሚይዘው ውኃ አንድ ነገር ነው፣ የአፉ ስፋት ሌላ። ይህቺ ባትሪ ለመጠኗ ብዙ ትይዛለች፤ አፏ ግን ጠባብ ነው። አቅሟ የሚለካውም 0.2 ሚሊአምፒር አካባቢ በሆነ ቀጭን ፍሰት ነው። ለሰዓት፣ ለሚዛን፣ የኮምፒውተርን ቀንና ሰዓት ለመጠበቅ ይህ ይበቃል። 10 ማይክሮአምፒር ብቻ የሚወስድ ዕቃ በስሌት ከሁለት ዓመት በላይ ያኖራታል። ሞተር እንድታዞር ወይም ስፒከር እንድታስጮህ ከጠየቃችኋት ግን ቮልቷ ይወርድና ዕቃው ይጠፋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ የሚገባው ቻርጅ ለሚደረገው ወገን ነው። ዕቃውን ራሳችሁ የምትሠሩ፣ ቦታም የማይጠባችሁ ከሆነ ስፋቷ 24.5፣ ውፍረቷ 5 ሚሊሜትር የሆነችው ሲአር2450 አለች። 600 ሚሊአምፒር ሰዓት ግድም ስለምትይዝ ለዓመታት ሳትነካ ለሚቀመጥ ዕቃ ጥሩ ምርጫ ናት።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቋት ግን ኤልአይአር2032 የምትባለውን ነው። ስፋቷ፣ ውፍረቷ፣ መልኳ ከሲአር2032 ጋር አንድ ነው። ቻርጅ ስለምትደረግ «ሁለተኛ ከመግዛት ተገላገልኩ» ብሎ የሚወስዳት ብዙ ነው። ስትሞላ ግን 4.2 ቮልት ትደርሳለች። 3 ቮልት ተብሎ ለተሠራ ዕቃ ይህ ከልክ በላይ ነው፣ ሊያቃጥለው ይችላል። አቅሟም 40 ሚሊአምፒር ሰዓት ግድም ነው፤ የሲአሯን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በተለይ የስኳርና የደም ግፊት መለኪያን በመሰለ የጤና ዕቃ ላይ መመሪያው ከጠራው ባትሪ ውጪ ምንም አታስገቡ።

ስትገዙ ከማሸጊያዋ ያልወጣችውን ምረጡ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀንም እዩ። ባለሱቁ ቴስተር ካለው እንዲለካላችሁ ጠይቁ። አዲስ ሲአር2032 ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ብላ ትነበባለች፤ ከ3 በታች ካሳየች መደርደሪያ ላይ አርጅታለች ወይም ተሠርቶባታል። ስታስገቧት ጠርዟን በጣት ያዙ። በብረት ወረንጦ ሁለቱን ፊቷን አንድ ላይ መቆንጠጥ ኃይሏን በከንቱ ያፈሰዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛው የደብል ኤ መጠን ላይ ነው። በዚህ አንድ መጠን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የሊቲየም ባትሪዎች ይሸጣሉ። የመጀመሪያው 1.5 ቮልት የሚሰጠውና የሚጣለው ነው። ተራውን ደብል ኤ በትክክል ይተካል፤ ቀላል ነው፣ ብርድም ይችላል። ሁለተኛው 14500 ነው፤ 14 ሚሊሜትር ስፋት፣ 50 ሚሊሜትር ርዝመት፣ ቻርጅ የሚደረግ፣ 3.7 ቮልት። ሦስተኛው ኢአር14505 ነው፤ 3.6 ቮልት፣ የማይሞላ፣ እንደ ውኃ ቆጣሪ ላለ ለብዙ ዓመት ሳይነካ ለሚሠራ መሣሪያ የተዘጋጀ። ሁለት ደብል ኤ በሚገባበት ዕቃ ውስጥ ሁለት 14500 ብታስገቡ 3 ቮልት የለመደው ዕቃ 7.4 ይወርድበታል፤ ሙሉ ከሆኑ ደግሞ 8.4። ሦስቱም ቦታው ላይ ልክ ይገባሉ፤ የሚስማማው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ቻርጅ ወደሚደረገው ወገን ስንሻገር የምናገኘው የድሮ ወዳጃችንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣችውን ባለ ባትሪ መብራቷን ኖኪያ 1100 የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። ባትሪዋ ቢኤል-5ሲ ነበር። ስልኳ ከእጃችን ከወጣች ቆየች፤ ባትሪው ግን አሁንም ገበያ ላይ ነው፤ ብዙ የኪስ ሬዲዮና ትናንሽ ስፒከር የሚሠራው በእርሱ ልክ ነው። ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንውሰድ፦ ዕቃ ስትገዙ ባትሪውን አስቀድማችሁ ምረጡ። ከሁለት ሬዲዮ አንዱ በየሱቁ የሚገኝ፣ በጣት የሚወጣ ባትሪ ካለው፣ ሌላው ደግሞ ባትሪው ውስጥ ተበይዶ ከተዘጋ፣ ድምፁ ትንሽ ቢያንስ እንኳ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ሁለተኛው ባትሪው በሞተ ቀን ራሱም ይሞታል።

ቢኤል-5ሲን በእጃችሁ ያዙና አስተውሉት። ጫፉ ላይ ሦስት ወርቃማ ነጥቦች አሉ። የዳርና የዳሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ናቸው፤ የመሃሉ ስልኩ የባትሪውን ዓይነት የሚለይበት ነው። ርዝመቱ 54፣ ስፋቱ 34፣ ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። ሦስቱን አባዙና ለ10 አካፍሉ፤ ከ1000 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ኦሪጅናሉ ላይ የተጻፈው ከፍተኛው አቅም 1020 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ይህ ስሌት ቻርጅ ለሚደረጉ ትናንሽ ባለ አራት ማዕዘን የሊቲየም ባትሪዎች የሚሠራ ግምት ነው። ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ በዚሁ መጠን ላይ 3000 ተጽፎ ካያችሁ ግን ጽሑፉን አትመኑት። ያ ሁሉ ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም።

ኦሪጅናል መሆን ብቻውንም ከስህተት አያድንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ኖኪያ 46 ሚሊዮን የቢኤል-5ሲ ባትሪዎች ቻርጅ ሲደረጉ ከልክ በላይ ሊሞቁ እንደሚችሉ አስታውቆ እንደሚቀይር ገለጸ። የተሠሩት በጃፓኑ ማትሱሺታ ከታኅሣሥ 2005 እስከ ኅዳር 2006 ባለው ጊዜ ነበር። ኩባንያው ባትሪዎቹን ለይቶ መናገር የቻለው እያንዳንዱ ላይ መለያ ቁጥር ስለነበረ ነው። መለያም የአምራች ስምም የሌለው ባትሪ ሲበላሽ ግን ማን ይጠየቃል?

ለጆሮ ማዳመጫ፣ ለመኪና መከታተያ፣ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ለሚሠሯቸው ትናንሽ መሣሪያዎች የሚገባው ደግሞ ብርማ ከረጢት የሚመስለው ሊቲየም ፖሊመር ነው። ላዩ ላይ 503040 ዓይነት ቁጥር አለው፤ ውፍረት 5.0፣ ስፋት 30፣ ርዝመት 40 ሚሊሜትር ማለት ነው። ቅድም ባልኩት ስሌት 600 ሚሊአምፒር ሰዓት ይሆናል፣ ገበያ ላይ የሚገኘውም ከዚያ አይርቅም። ሽቦው የሚወጣበትን ጫፍ እዩ። በብጫ ቴፕ ሥር ጠባብ አረንጓዴ ቦርድ ካለች ያቺ ጠባቂው ናት፤ ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በላይ ሲራቆት፣ ሽቦዎቹም ሲነካኩ ትቆርጠዋለች። እርሷ የሌለችበትን ከገዛችሁ ጥበቃውን ዕቃው ራሱ መያዝ አለበት።

እዚህም መግጠምና መስማማት ይለያያሉ። የባትሪው ሶኬት ዕቃው ላይ ልክ ይገባል፣ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ግን በተቃራኒ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ አምራቾች በዚህ አንድ ሥርዓት አይከተሉም። ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ቻርጀሩም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምባት ቲፒ4056 የተባለችው ትንሽ ቦርድ ስትመጣ 1000 ሚሊአምፒር እንድትሰጥ ተስተካክላ ነው። 200 ሚሊአምፒር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ አምስት እጥፍ ነው፤ ደኅናው አሞላል የአቅሙ ግማሽ አካባቢ ነው። ቦርዷ ላይ ያለውን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ10 ኪሎ ኦም ብትቀይሩት ወደ 130 ሚሊአምፒር ይወርዳል። ከአንዲት የምስር ፍሬ የምታንስ ሬዚስተር ባትሪውን ከማበጥ ታድነዋለች።

ለእጅ መብራትና ለፓወር ባንክ የሚገባው ክቡና ረጅሙ 18650 ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የታወቁ አምራቾች ጥሩዎቹ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ግድም ይይዛሉ። 9900 የተጻፈበት ውሸት ነው። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑት፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። እጅ ላይ ባዶ ባዶ የሚል ከሆነ መልሱት። ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን ለቤተሰብ ባትሪና ፓወር ባንክ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አታስገቡት፤ አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል።

አውሮፕላን ካነሳን አይቀር ትንሽ ባትሪ ምን ልታደርግ እንደምትችል የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ንግሥተ ሳባ የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርባት ለሰዓታት ከቆመች በኋላ በጅራቷ በኩል ጣሪያዋ ሥር እሳት ተነሳ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች እሳቱ የጀመረው አውሮፕላን ሲጠፋ ምልክት ከሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡ። የመሣሪያው ባትሪ ሊቲየምና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነበር፤ በዓይነቱ ከቁልፋችን ሲአር2032 ጋር አንድ ነው። የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር፤ መነካካታቸው ነው ባትሪውን አግሎ ያቃጠለው ተብሎ የታመነው። አየር መንገዱ መሣሪያውን አልሠራውም፤ ስህተቱ የነበረው አገጣጠሙ ላይ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ አውሮፕላኗም ተጠግና ወደ ሥራ ተመልሳለች። የአንድ ክዳን አዘጋግ ያን ያህል ዋጋ ካስከፈለ እኛም የሬዲዮአችንን ክዳን ስንዘጋ ሽቦው የት እንደተቀመጠ ብናይ አይበዛም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያሳስበኝ የልጆች ነገር ነው። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጠፍጣፋ ባትሪ በትንሽ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ልትቀረቀር ትችላለች። ያኔ ምራቁ ሁለቱን ፊቷን ያገናኛል፤ በኔጌቲቩ በኩል ኃይለኛ አልካሊ ይፈጠርና ሥጋውን ማቃጠል ይጀምራል። ከባድ ጉዳት ለማድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። «ያለቀ ነው» ብለን የጣልናት ባትሪም ለዚህ የሚሆን ኃይል ይቀራታል። ስለዚህ የባትሪ ቦታው በብሎን የማይዘጋ መጫወቻ ለልጅ አትግዙ፣ አሮጌዋንም አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ልጁ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ሩጡ፣ እንዲያስታውክም አታድርጉ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ጉዳቱን እንደሚቀንስ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለማሩ ብላችሁ ግን ጉዞውን አታዘግዩ።

ከገዛችሁ በኋላም አያያዙ ቀላል ነው። ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ለወራት የማትጠቀሙበትን ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ አስቀምጡ። ያበጠውን አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት። ስትጥሉት ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍኑ። ግቢ ውስጥ ቆሻሻ የምታቃጥሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ባትሪ እንደሌለበት ፈትሹ።

ባለሱቆቻችንንም ልለምን። «ይገጥማል» ከማለታችሁ በፊት አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር ለገዢው አንብቡለት፤ ሲአርና ኤልአይአር፣ ደብል ኤና 14500 በአንድ ሳጥን አይቀመጡ። እኛ ገዢዎችም እንጠይቅ። ቮልቱን የሚጠይቅ፣ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረቱን አባዝቶ 3000 የተጻፈበትን የሚመልስ ደንበኛ ሲበዛ፣ ነጋዴው የማይሸጥለትን ባትሪ ደግሞ አያመጣም።